የማታ ታይምላፕስ፦ ብልጭ ድርግሙ የካሜራው ነው የከተማው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችንን ደመራ በታይምላፕስ ቀረጽኩ። ታይምላፕስ በየተወሰነ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች ተገጣጥመው በፍጥነት የሚሄዱበት ቪዲዮ ነው። ካሜራውን በረንዳችን ላይ በትራይፖድ አቆምኩት። በየ6 ሰከንዱ አንድ ፎቶ እንዲያነሳ አዘዝኩት። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሠራ። ሁለት ሰዓት፣ 1,200 ፎቶ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ፎቶ) ሲሄድ 48 ሰከንድ ቪዲዮ ይወጣዋል።

በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ሳያቸው ፎቶዎቹ ያምሩ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ገጣጥሜ ሳጫውታቸው ግን ደነገጥኩ። ሰማዩ ብልጭ ድርግም ይላል። የሰዉ ነጠላ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ውሃ ሰማያዊ፣ አንዴ ቢጫ ይሆናል። እሳቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሕዝቡን ጨለማ ይውጠዋል። እሳቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ሕዝቡ ይፈካል። ለማየት ዓይን ያደክማል።

ቪዲዮውን አቁሜ ሁለት ተከታታይ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ከፈትኩ። በመካከላቸው ያለው 6 ሰከንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ላይ ከደመራው በስተግራ የቆሙ አንዲት እናት አሉ። ነጠላቸው እንደ ወተት ነጭ ነው። በሁለተኛው ላይ ያው ነጠላ፣ ያው እጥፋት፣ ያው ጥለት ሰማያዊ ሆኗል። እናትየዋ አልተንቀሳቀሱም። እሳቱም ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው ካሜራው ነጭ የሚለው ቀለም ነው።

ይህ የብዙ ሰው ችግር ነው። ዛሬ አዲስ አበባን ማታ የማይቀርጽ የለም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ መንገዱም፣ የሕንፃው ግድግዳም፣ ዛፉም ሳይቀር በኤልኢዲ መብራት ተጥለቅልቋል። ከእንጦጦ አናት፣ ከኮንዶሚኒየም ጣሪያ፣ ከሆቴል መስኮት የተቀረጹ ታይምላፕሶች ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ በየቀኑ ይለቀቃሉ። ብዙዎቹ የሚያምር እይታ ይዘው በብልጭልጭታ የተበላሹ ናቸው። ሰውም ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሶፍትዌር ያስተካክለዋል ይላል።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። ውድ ካሜራም ይብለጨለጫል። ሶፍትዌርም ብቻውን አያድንም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ብልጭ ድርግሙ ከየት መጣ የሚለው ነው። ካሜራው የፈጠረው አለ። ሌሊቱ ራሱ፣ ከተማው ራሱ የፈጠረው አለ። የካሜራውን ገና ሳንቀርጽ ከሥሩ መንቀል ይቻላል። የከተማው ግን የቪዲዮው ነፍስ ነው፣ መቆየት አለበት። ሶፍትዌር ሁለቱን አይለይም። መለየት ያለበት ቀራጩ ነው።

ካሜራው ትዝታ የለውም

ቪዲዮ ስንቀርጽ ካሜራው ብርሃንንና ቀለምን ቀስ እያለ ነው የሚያስተካክለው። ታይምላፕስ ላይ ግን እያንዳንዱ ፎቶ ራሱን የቻለ ፎቶ ነው። ካሜራው ከ6 ሰከንድ በፊት ምን እንደወሰነ አያውቅም። እንደ አዲስ ይለካል፣ እንደ አዲስ ይወስናል። አንድ መኪና ረጅም መብራቱን አብርቶ ወደ ሌንሱ ዞር ካለ፣ ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ፎቶውን ያጨልማል። መኪናው ሲያልፍ ይመልሰዋል። በዚያ አንድ ፍሬም ላይ ግን ከተማው በሙሉ ጠቁሯል።

ለየብቻ ስናያቸው የማናስተውለው ጥቂት የብርሃን ልዩነት በሰከንድ 25 ሆኖ ሲሮጥ ፊታችን ላይ ይጮሃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አውቶ የሚባለውን ነገር በሙሉ አጥፍቶ በእጅ (ማኑዋል) ማድረግ ነው። ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ማኑዋል፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ማኑዋል፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ማኑዋል። ፎከስም ማኑዋል። ፎከስ ያልኩት አለምክንያት አይደለም። ካሜራው በጨለማ ፎከስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ምስሉ በትንሹ ይሰፋል፣ ይጠባል። ያም እንደ መርገብገብ ሆኖ ይታያል።

ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ካሜራው ነጭ የሚለውን ቀለም የሚወስነው ቅንብር፣ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ቆልፎ ዋይት ባላንሱን አውቶ ላይ የሚተው ብዙ ነው። የደመራዬ ነጠላ ሰማያዊ የሆነው በዚህ ነው።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቀይና ቢጫ ያደላል። ሲበዛ ወደ ሰማያዊ። ጧፍና ሻማ 1,900 ኬልቪን አካባቢ ናቸው። ያ ብርቱካናማው የድሮ የመንገድ መብራት፣ ሶዲየም የሚባለው፣ 2,000 ገደማ ነው። የድሮው ክብ አምፖል 2,700። ጨረቃ 4,100 አካባቢ። የቀን ፀሐይ 5,500። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰማይ ደግሞ ከ10,000 ሊያልፍ ይችላል። ኤልኢዲ እንደ አምራቹ ነው፤ ሞቅ ያለው 3,000፣ ነጩ 6,500 ይደርሳል።

እንግዲህ የደመራን ምሽት አስቡት። መሬት ላይ የ1,900 ኬልቪን እሳት አለ። ላይ የ10,000 ኬልቪን ሰማይ አለ። መሀል ላይ የመንገዱ ኤልኢዲ አለ። ካሜራው እሳቱን አይቶ «ይህ በጣም ቢጫ ነው» ብሎ ምስሉን ወደ ሰማያዊ ይገፋል። እሳቱ ትንሽ ሲቀንስ ሰማዩን አይቶ ወደ ቢጫ ይገፋል። በየ6 ሰከንዱ ሐሳቡን ይለዋውጣል።

መፍትሔው አንድ ቁጥር መርጦ መቆለፍ ነው። እኔ ለከተማ ማታ ከ3,800 እስከ 4,200 ባለው ውስጥ እሠራለሁ። በዚህ ቁጥር ሰማዩ ጥሩ ሰማያዊ ይሆናል፣ የቤቱም መብራት ሙቀቱን አያጣም። ዋናው ግን ቁጥሩ አይደለም፣ አለመለዋወጡ ነው።

በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ ደግሞ ዋይት ባላንሱን በኋላ እንደፈለጋችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ለሁሉም ፎቶ እኩል ማድረግም ይቻላል። ከጀምበር መጥለቅ እስከ ጨለማ ከ5,200 ወደ 3,900 ቀስ እያለ እንዲንሸራተት ማድረግም ይቻላል። ጄፔግ (ካሜራው አቀናብሮ የሚጨምቀው የተለመደው ፎቶ) ይህን ያህል አይፈቅድም። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ ዋይት ባላንሱም አብሮ ተጋግሯል። የ14 ቢት ሮው 16,384 ደረጃ አለው። ጨለማ ሰማይን ወደ ላይ ስትጎትቱት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሮው ቦታ ይበላል፣ እውነት ነው። 1,200 ፎቶ እያንዳንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን 30 ጊጋባይት ነው። የ64 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ይችለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ሶዲየም መብራት። ብርሃኑ ከብርቱካናማ ውጪ ያለው ቀለም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋይት ባላንስ ነጭ አያደርገውም። በግድ ነጭ ላድርገው ካላችሁ ሌላው ከተማ ሁሉ በረዶ ይመስላል። ተዉት፣ ብርቱካናማ ይሁን። አንዱ መንገድ ብርቱካናማ፣ አጠገቡ ያለው ነጭ ሆኖ መታየቱ የዚህ ዘመን ከተማ መልክ ነው።

ሁሉን ቆልፌም ይብለጨለጫል

ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁሉም ማኑዋል ነው፣ ዋይት ባላንሱም ተቆልፏል፣ ግን ምስሉ አሁንም በትንሹ ይተነፍሳል። ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ አፐርቸሩ ነው።

ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ የሚያጠቡ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። በብዙ ካሜራዎች ላይ ቀዳዳው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ሻተሩ ሲጫን ብረቶቹ ወደተባሉት ቦታ ይዘጋሉ፣ ፎቶው ሲያልቅ ይከፈታሉ። በየ6 ሰከንዱ ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ። እንደማንኛውም ማሽን ደግሞ ሁልጊዜ በትክክል እዚያው ቦታ ላይ አይቆሙም። የፀጉር ያህል ይለያያሉ። ኤፍ የቀዳዳው መጠን ቁጥር ነው፣ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። ኤፍ 11 ላይ ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ የፀጉር ልዩነት ብዙ ብርሃን ነው። ኤፍ 4 ላይ ያንሳል። ሌንሱ እስከመጨረሻው ከተከፈተ ግን ብረቶቹ ጨርሶ አይንቀሳቀሱም። ችግሩም የለም።

ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ሌንሱን እስከ ጥጉ ከፍቶ መቅረጽ ነው። ማታ ስለሆነ ብርሃኑም ያስፈልገናል። ሁለተኛው መንገድ አፐርቸሩ በእጅ የሚዞር የድሮ ማኑዋል ሌንስ ነው። ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ አይነጋገርም፣ ያስቀመጥክበት ይቆያል። ሰው የናቀው የድሮ ሌንስ ለዚህ ሥራ ወርቅ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ድፍረት ይፈልጋል። አፐርቸሩን ኤፍ 5.6 ላይ ታደርጋላችሁ። በካሜራው ፊት ለፊት ያለችውን የጥልቀት ማሳያ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ብረቶቹ ሲዘጉ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ቁልፏን ሳትለቁ የሌንሱን መፍቻ ተጭናችሁ ሌንሱን ለመንቀል እንደሚዞር ጥቂት ታዞሩታላችሁ። የሌንሱና የካሜራው የወርቅ ነጠብጣቦች ይላቀቃሉ። ካሜራው ሌንስ እንደሌለው ያስባል፣ የአፐርቸሩ ቁጥር ከስክሪኑ ይጠፋል። ብረቶቹ ግን በተዘጉበት ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ይህ የሚሠራው ከካሜራ ካሜራ ይለያያል፣ በተለይ መስታወት አልባዎቹ (ሚረርለስ) ካሜራዎች ላይ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ሌንሱም ሙሉ በሙሉ ስላልተቆለፈ ካሜራውን ጎንበስ አታድርጉት። በማሰሪያው ተሸክማችሁ ቦታ አትቀይሩ።

ከአሜሪካ የመጣው ካሜራ

አንድ ወዳጄ ዘመዱ ከአሜሪካ ካሜራ ላከለት። በመጀመሪያው ሳምንት የሱቁን መንገድ አመሻሽ ላይ ቀረጸ። ቪዲዮው ላይ ጥቁር ጥቁር አግዳሚ መስመሮች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ነበር።

አልተበላሸም። የኛ የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ዙር ይሠራል፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 60 ነው። በኛ ኤሌክትሪክ ላይ ያለ ፍሎረሰንትና ብዙ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈካል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም። ሻተሩ ግን ያየዋል። 1/200 ሰከንድ ላይ ከቀረጽክ አንዱ ፎቶ የፈካበትን ቅጽበት ይይዛል፣ ቀጣዩ የደበዘዘበትን። ከዚያም አልፎ ፍሎረሰንት ሲደበዝዝ ቀለሙም ይለወጣል።

ሻተሩ ከመብራቱ ምት ጋር ሲስማማ ችግሩ ይጠፋል። እዚህ ሀገር 1/100 እና 1/50 ሰከንድ ይስማማሉ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ሙሉ ምት ይገባልና። አሜሪካ ያላችሁ 1/120 እና 1/60 ተጠቀሙ። እስራኤል፣ አውሮፓ፣ ዱባይ ያላችሁ እንደኛው 50 ኸርዝ ናችሁ። ሳውዲ ያላችሁ ግን ካሜራችሁን 60 ላይ አድርጉት። ወዳጄ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ፀረ-ፍሊከር (ብልጭልጭታ መከላከያ) የሚለውን ከ60 ወደ 50 ቀየረው። በቃ፣ መስመሩ ጠፋ።

ሻተሩ ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ይህ ጉዳይ ያበቃል። በአንድ ፎቶ ውስጥ 50 ምት ሲገባ አማካይ ይሆናል። ስለዚህ አደገኛው ሰዓት ድቅድቁ ሌሊት አይደለም። መብራቱ በርቶ ሰማዩ ገና ያልጨለመበት፣ ሻተሩም ፈጣን የሆነበት አመሻሹ ነው።

ጀምበር እኛ ዘንድ ትቸኩላለች

አሁን ዋናው ፈተና ላይ ደረስን። ከብርሃን ወደ ጨለማ መሻገር።

ሁሉን ቆልፋችሁ ከጀመራችሁ ጀምበር ስትጠልቅ ቪዲዮው ይጠቁራል። ስለዚህ በመሀል ኤክስፖዠሩን መለወጥ ግድ ነው። ምን ያህል? ከቀን ፀሐይ እስከ ጨረቃ የሌለበት የሰሜን ተራሮች ሌሊት 21 ስቶፕ ያህል ነው። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነስ ነው። ሃያ አንድ ጊዜ በግማሽ ስትቀንሱት ከሁለት ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ይሆናል። ከተማ ውስጥ ይህን ያህል አይወርድም፣ የመንገዱ መብራት ይረከበዋል። ግን እዚያም ስምንት ዘጠኝ ስቶፕ መሻገር የተለመደ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን የተማርነው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ቪዲዮዎች ነው። እዚያ ላይ የሚሰጡት የሰዓት ምክር ለኛ ሰማይ አይሆንም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጀምበር ወደ አድማሱ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ለንደን በሰኔ ወር ጎን ለጎን እያንሸራተተች ትጠልቃለች፣ ድንግዝግዙ ይረዝማል። አዲስ አበባ ላይ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የመጀመሪያው ድንግዝግዝ 22 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቆየው። ለንደን በሰኔ ከዚያ እጥፍ በላይ ይወስዳል። ሙሉ ጨለማ እኛ ዘንድ በ70 ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ለንደን በሰኔ እኩለ ሌሊትም ላይ አይሞላም።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? እኛ ዘንድ ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ብርሃኑ በየ3 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በየ6 ሰከንዱ ከቀረጻችሁ አንድ ስቶፕ በ30 ፎቶ ውስጥ ያልቃል። ይህም በቪዲዮው ላይ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ነው። ቡና ልጠጣ ብላችሁ ብትሄዱ አለቀላችሁ። በየ20 ሰከንዱ ብትቀርጹማ መሸጋገሪያው በሙሉ በሦስት ሰከንድ ያልፋል። የደመራ ማታ ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። 12 ሰዓት ከ40 ላይ የሰማዩ ሰማያዊነት ሊያልቅ ነው። ለዚህ ነው እኔ ከ6 ሰከንድ በላይ የማልሄደው።

ኤክስፖዠሩን እንዴት እንለውጥ? ካሜራዎች በአንድ ጊዜ የሚለውጡት በትንሹ ሲሶ ስቶፕ ነው። ሲሶ ስቶፕ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የብርሃን 26 በመቶ ለውጥ ነው። ቪዲዮው ላይ እንደ ደረጃ እየዘለለ ይታያል። ዝላዩ በራሱ ችግር አይደለም፤ በኋላ ሊለሰልስ ይችላል፣ ሮው ከሆነ። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሻተርና በስንት አይኤስኦ እንደተነሳ በፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ጉንተር ቬግነር የሚባል ጀርመናዊ የሠራው ኤልአርታይምላፕስ የተባለ ፕሮግራም ያንን መረጃ አንብቦ ደረጃውን ወደ ዳገት ይለውጠዋል። ዝላዩ ከመድረሱ በፊት ያሉትን ፎቶዎች ቀስ በቀስ ያፈካል፣ ከዝላዩ በኋላ ያሉትን በዚያው ልክ ያወርዳል። መጋጠሚያው ይጠፋል።

የኔ አካሄድ ይህ ነው። አፐርቸሩን ኤፍ 2.8 ላይ ከፍቼ አልነካውም። ብርሃን ሲቀንስ መጀመሪያ ሻተሩን አረዝማለሁ፣ 2 ሰከንድ እስኪደርስ። ከዚያ በኋላ አይኤስኦውን ከፍ አደርጋለሁ። ሁልጊዜ በሲሶ ስቶፕ፣ ሁልጊዜ በሁለት ፎቶ መሀል ባለው ክፍተት። ካሜራውን በጣት እየነካችሁ ብትሠሩ ትራይፖዱ ይነቃነቃል፤ ስለዚህ በስልክ አፕ ማዘዝ ይሻላል። ደግሞ ቸኩላችሁ አታፍኩት። ጀምበር ጠልቃ ቪዲዮው እንደ ቀትር ከፈካ ምሽት መሆኑ ይጠፋል። ምሽት መጨለም አለበት፣ አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ጨለም ብሎ ቢያበቃ ያምራል።

ብርሃኑን አሳንሳችሁ ካነሳችሁ ግን ሌላ የቀለም ጣጣ ይመጣል። በጣም የጨለመ ፎቶ በሶፍትዌር ሲጎተት ጥላው ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሸሻል። ከቀረጻው ላይ በቂ ብርሃን መያዝ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

መብራት ሲሄድ

እዚህ ላይ ነው በሶፍትዌር ላይ ያለኝ ጥርጣሬ።

ፍሊከር የሚያጠፉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ኤልአርታይምላፕስ አለው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ በሚከፈልበት ስሪቱ አለው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ውስጥም አለ። አሠራራቸው በመሠረቱ አንድ ነው። የእያንዳንዱን ፍሬም አማካይ ብርሃን ይለካሉ። ከጎረቤት ፍሬሞች አማካይ ጋር ያስተያያሉ። ልዩነት ካለ ፍሬሙን ወደ አማካዩ ይጎትታሉ። ኤፍኤፍኤምፔግ ካልነገራችሁት 5 ፍሬም ነው የሚያስተያየው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ሰፈራችሁ መብራት ሄደ እንበል። ከምስሉ ግራ ያለው ሩብ በአንድ ፍሬም ውስጥ ጨለመ። አማካዩ ወደቀ። ፕሮግራሙ መብራት መሄዱን አያውቅም። ካሜራው ያጠፋው ይመስለዋል። 60 ፍሬም እንዲያስተያይ ካዘዛችሁት ውጤቱ ጉድ ነው። መብራቱ ገና ሳይሄድ ሰማዩ መጥቆር ይጀምራል። መብራቱ ከሄደ በኋላ ደግሞ ሰማዩ ያለምክንያት ይፈካል። ያልሆነ ነገር ነው የሚያሳየው። የሆነው ነገር ደግሞ፣ ያ በቅጽበት ጭልም ማለቱ፣ ተሸፋፍኖ ይቀራል።

ለኔ መብራት የሄደበት ቅጽበት የከተማችን እውነተኛ መልክ ነው። ሰው ሻማ ሲያበራ፣ ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ ብቻውን ሲፈካ፣ ከዚያ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በአንዴ ቦግ ሲል። ይህን ማለስለስ ታሪኩን መሰረዝ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድም እንደዚሁ ነው። የድሮው አምፖል መደብዘዝ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀይ ይሄዳል። ቤቱ ስታቢላይዘር ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በታይምላፕስ ላይ ያ ቀይ መሆን ይታያል፣ ይቆይ።

ከከተማ ስንወጣም ሌሊቱ የራሱ ለውጥ አለው። ጨረቃ ስትወጣ ተራራው በሙሉ መልኩ ይቀየራል። ጨረቃ በሌለበት ጥቁር ሰማይ ላይ ደግሞ ካሜራው ዓይን የማያየውን ደብዛዛ አረንጓዴ ይይዛል። ብዙ ሰው የዋይት ባላንስ ስህተት መስሎት ያጠፋዋል። ስህተት አይደለም፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ኦክስጅን የሚለቀው ብርሃን ነው። እንደ ማዕበል እየተንቀሳቀሰ ያልፋል። አጥፍቼው አውቃለሁ፣ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። በተቃራኒው ጤዛ የካሜራው ችግር ነው። እንጦጦ ላይ ሌሊት ሌንሱ ላይ ጤዛ ሲቀመጥ መብራቶቹ ቀስ በቀስ ጭጋጋማ ክብ ያበጃሉ፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ሌንሱን እጅ ማሞቂያ ፓኬት በገባበት ካልሲ መጠምጠም ይበቃል።

ታዲያ ሶፍትዌሩን እንዴት እንጠቀም? ሙሉውን ምስል እንዲለካ አትፍቀዱለት። ኤልአርታይምላፕስ ላይ የሚለካበትን ቦታ በሳጥን መምረጥ ይቻላል። መኪና የማያልፍበት፣ መብራት የማይበራበት፣ የማይንቀሳቀስ ቦታ ምረጡ። ብዙ ጊዜ ከአድማሱ ከፍ ያለ ጥርት ያለ የሰማይ ቁራጭ ጥሩ ነው። ሰማይ መብራት አይሄድበትም። ሰማዩ ከተረጋጋ ካሜራው ተረጋግቷል ማለት ነው፤ ከታች የሚለዋወጠው ሁሉ የከተማው ነው።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ ደግሞ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አለ። ሃይላይት፣ ሻዶው፣ ክላሪቲ የሚሉት መጎተቻዎች ለሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት አይሠሩም። የእያንዳንዱን ፎቶ ይዘት አይተው ነው የሚወስኑት። አንድ አውቶቡስ መብራቱን ይዞ ሲገባ ውሳኔያቸው ይለወጣል። ካሜራው ያላመጣውን ፍሊከር እነሱ ያመጡታል። እነዚህን በትንሹ ተጠቀሙ። የፍሊከር ማጥፊያውንም ቀለሙን ከጨረሳችሁ በኋላ አድርጉት፣ ከዚያ በፊት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

በስልክ የምትቀርጹ ብዙ ናችሁ። የስልኩ የራሱ ታይምላፕስ ፎቶዎቹን ለየብቻ አያስቀምጥም፣ ያለቀ ቪዲዮ ነው የሚሰጣችሁ። በኋላ ማዳን ከባድ ነው። ቢያንስ ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑን ተጭናችሁ ይዛችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ዋይት ባላንስ የሚያስቆልፍ አፕ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። ጨርሳችሁ በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል ላኩት። በተራው ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ጨለማ ሰማይ ደግሞ መጨመቅ አይወድም። ሽንሽን እየሆነ ይተነፍሳል። ያንን አይታችሁ ካሜራችሁን አትውቀሱ።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም 16 እዚያው በረንዳ ላይ ቆምኩ። ያው ትራይፖድ፣ ያው 6 ሰከንድ። ዋይት ባላንሱ 4,000 ላይ ተቆልፏል። ሌንሱ እስከ ጥጉ ክፍት ነው። ደመራው ተለኮሰ። ነጠላው መጀመሪያ በምሽቱ ሰማያዊ ተነከረ፣ እሳቱ ሲይዝ ቀስ እያለ ወርቅ ሆነ፣ እንደዚያው ቆየ። ወደ 1 ሰዓት ሲቃረብ በግራ በኩል ያለው ሰፈር መብራት ሄደ። ሁሉም ቤት በአንድ ፍሬም ጨለመ። ሰማዩ አልተንቀሳቀሰም። ከጨለማው ውስጥ እሳቱና በዙሪያው የቆመው ሰው ብቻ ቀሩ፣ ለ11 ደቂቃ። በቪዲዮው ላይ አራት ሰከንድ ተኩል ያህል ነው። አልነካሁትም።